ቲቸር፣ ኮምፒውተርዎ ተበላሽቷል እንዴ?



ባለፈው ሳምንት የላፕቶፔን ስክሪን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ፤ አይከን የለ፣ ማውስ የለ። ከሥሩ ከመጡት አስተያየቶች ግማሾቹ «አይዞዎት» የሚሉ ናቸው። አንዷ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ኮምፒውተርዎ ተበላሽቷል እንዴ? የሚሠራ ሰው ልላክልዎት?» ብላ ጻፈችልኝ። ተባረኪ ልጄ። ግን አልተበላሸም፤ እንዲያውም እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። በዝርዝር እጽፋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ይኸው ጻፍኩ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ያያችሁት ኦፕንቢኤስዲ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይሄ ሊኑክስ አይደለም፤ የሩቅ ዘመዱ እንበለው። ሁለቱም ወጋቸውን የወረሱት እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ከተጀመረው ዩኒክስ ነው። ቢኤስዲ የሚባለው ቅርንጫፍ ያደገው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ቅርንጫፍ ላይ ቴዎ ደ ራት የተባለ ካናዳ የሚኖር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ኦፕንቢኤስዲን ጀመረ። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣል። ነፃ ነው፤ ክራክ ምናምን ሳይፈለግ በሕጋዊ መንገድ ነፃ። የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው። በዓለም ላይ ያሉ የሰርቨር ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው ማሽን የሚከፍቱበት ኦፕንኤስኤስኤች የሚባለው መሣሪያ የወጣው ከእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። የሚታወቁት ለደኅንነት በሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው።

ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ሲጫንም ጽሑፍ፣ ተጭኖ ሲያልቅም ጽሑፍ። የሚያምር መስኮት ከፈለግህ ራስህ ፈልገህ ታመጣለህ እንጂ ማንም አያቀርብልህም።

ታዲያ የ51 ዓመት የባዮሎጂ መምህር እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ነገሩ የጀመረው በፍላሽ ቫይረስ ነው። መምህር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ፈተና ለማባዛት ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ስትመለስ ፎልደሮችህ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነው ይጠብቁሃል። ደሴ ፒያሳ ውስጥ ይሄ ያልደረሰበት መምህር ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ላፕቶፕ ላይ የ18 ዓመት የፈተና ጥያቄዎች፣ የትምህርት ኖቶችና በእጄ የሳልኳቸው ሥዕሎች አሉ። በየሴሚስተሩ ማሽኑ በበሽታ ሲወድቅ፣ የሆነ ልጅ ጋ ወስጄ «ፎርማት» ሲደረግ፣ ከዚያ እንደገና ሲወድቅ ዓመታት አለፉ። የሚገርመው ምን እንደሆነብኝ አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። «ቫይረስ ነው» ይሉኛል፤ ብር እከፍላለሁ፤ በቃ። ለሰውነት በሽታ እንዲህ ዓይነት መልስ ብትሰጡኝ በፈተና ወረቀት ላይ ዜሮ ነበር የምሰጣችሁ!

ከዚያ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት ጊዜ መጣ። ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በዚያ መሐል አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራ፣ ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ቤቴ ጎራ አለ። ብሶቴን ሰማና ሁለት ፍላሽ ከቦርሳው አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄኛው ሊኑክስ ሚንት ነው። ቀላል ነው፤ አሁኑኑ ልጫንልዎት።»

«ያኛውስ?»

«ያ ኦፕንቢኤስዲ ነው። እኔ የምጠቀመው ነው፤ ለእርስዎ ግን ይከብዳል።»

«ኢንተርኔት ሳይኖር የሚማሩት የትኛውን ነው?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እንደሱ ከሆነ የሚከብደውን ነው። ማኑዋሉ በሙሉ ውስጡ አለ።»

እኔን የያዘችኝ ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ማንንም ሳትጠይቅ፣ ኔትወርክ ሳትጠብቅ፣ መብራት ካለ ብቻ የምታነበው መጽሐፍ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይመጣል ማለት ነው። የሚያስፈልጉኝን ተጨማሪ ፕሮግራሞችም (ሊብረኦፊስ፣ ፋየርፎክስና የመሳሰሉትን) በፎልደር አድርጎ ትቶልኝ ሄደ።

ከመጫኔ በፊት ፋይሎቼን በሙሉ ሁለት ቦታ ገለበጥኩ፤ አንዱ ቤቴ፣ ሌላው እህቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ተቀመጥኩ። የመጫኛው ፕሮግራም ጥያቄ በጥያቄ ነው። የኪቦርድህ ዓይነት? የኮምፒውተርህ ስም? ፓስዎርድ? የምትኖርበት የሰዓት ክልል? ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ በቅንፍ የታሰበልህ መልስ አለ፤ ከተስማማህ ኢንተር መጫን ነው። ሰዓቱ ላይ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ብዬ ስጽፍ ሳይጠይቀኝ ተቀበለኝ፤ ደስ አለኝ። የሚያስፈራው የዲስኩ ጥያቄ ነው፤ «ሙሉ ዲስኩን ልጠቀም?» ይላል። እዚያ ላይ እጄን አንስቼ ሻይ ጠጣሁ። ጠጥቼ ስመለስ «አዎ» አልኩት።

ተጭኖ ሲያልቅ በትልልቅ ፊደል እንኳን ደስ አለህ ይልሃል። ዳግም ሲነሣና ስትገባ ደግሞ ምን ይጠብቅሃል መሰላችሁ? ደብዳቤ! ከዚያው ከመሥራቹ ከቴዎ ደ ራት ስም የተላከ፣ እንኳን ደህና መጣህ የሚልና ከየት መጀመር እንዳለብህ የሚጠቁም ኢሜይል እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ያለ ኢንተርኔት የደረሰኝ የመጀመሪያው ኢሜይል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማኑዋሉን የሚከፍተው ትእዛዝ «ማን» ይባላል። ማኑዋል የሚለው ቃል አጭር መሆኑ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሲነበብ ግን ጥያቄ ይሆናል። ማን? ብለህ የአንድን ነገር ስም ከጎኑ ትጽፋለህ፤ ማንነቱን ከነምሳሌው ያወጣልሃል። «ማን ማውንት» ስትል ፍላሽ እንዴት ከሲስተሙ ጋር እንደሚያያዝ ይነግርሃል። «ማን ሄልፕ» ስትል ለአዲስ ገቢዎች የተጻፈ ገጽ ይመጣል። «ማን አፍተርቡት» ስትል ከመጀመሪያው ማስነሣት በኋላ የምትፈትሻቸውን ነገሮች በተራ ይዘረዝርልሃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በማታ በማታ አንድ ገጽ እያነበብኩ በደብተር ማስታወሻ ያዝኩ። ባለቤቴ «ደግሞ ማትሪክ ልትፈተን ነው?» ትለኝ ነበር።

ችግሩን አልደብቅም። ዋይፋይ መጀመሪያ አልሠራም። የዋይፋዩን ካርድ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ የፈቃድ ውሉ ከሲስተሙ መርህ ጋር ስለማይስማማ አብሮ አይመጣም፤ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ኢንተርኔት ለማግኘት ፈርምዌር፣ ፈርምዌር ለማግኘት ኢንተርኔት! ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬን በኬብል ሰክቼ የስልኩን ዳታ ለኮምፒውተሩ አካፈልኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ እንግዳ ስም ብቅ አለ፤ «ማን?» ብዬ ጠየቅኩት። የስልክ ኢንተርኔት በዩኤስቢ የሚቀበለው ክፍል እኔ ነኝ አለኝ። በአንድ ትእዛዝ ፈርምዌሩ ወረደ፤ ዋይፋዩ ሠራ።

ብሉቱዝ የለውም። ኋላ ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሳቸው አውጥተውታል። አማርኛ ገጽ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚታያችሁ ባዶ ሣጥን በሣጥን ነው፤ የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት ፈልጎ መጨመር ያስፈልጋል። እኔ አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ ፎንት ጨመርኩ፤ አሁን ጥርት ብሎ ይነበባል። አማርኛ መጻፊያው ግን እስካሁን እንደምወደው አልሆነልኝም። ይህን ራሱ በስልኬ ነው የምጽፍላችሁ።

እስኪ ደግሞ ባለፈው የሴሚስተር መጨረሻ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ባልደረባችን፣ የ10ኛ ክፍል ሆም ሩም፣ ስታፍ ውስጥ ፊቷ ልብስ መስሎ ተቀምጣለች። የ58 ተማሪዎች ሮስተር ያለበት ፍላሽ ሾርትከት በሾርትከት ሆኗል። ካርድ የሚሰጠው ከነገ ወዲያ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ «ፎርማት ካልሆነ አይድንም» ብሏታል።

ፍላሹን ተቀብዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ምንም ነገር እንዳይጻፍበት ለማንበብ ብቻ በሚለው መንገድ አያያዝኩትና ያለውን ዘርዝር አልኩት። ፎልደሮቿ በሙሉ አሉ! አንድም አልጠፋም። ያ ቫይረስ ፋይል አያጠፋም። እውነተኛውን ፎልደር «የተደበቀ» የሚል ምልክት ይለጥፍበትና በቦታው በዚያው ስም የውሸት ሾርትከት ያስቀምጣል። አንተ ያንን ስትከፍት ቫይረሱን ታስነሣለህ። የእኔ ሲስተም ያንን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የቫይረሱም ፕሮግራም እዚህ ቋንቋው አይሠራለትም። ሮስተሩን ወደ ሌላ ንጹሕ ፍላሽ ገለበጥኩላት። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» ብላ እጄን ልትስም ደረሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታፍ ውስጥ ስሜ «ዶክተር ፍላሽ» ሆኗል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያንን ሥራ ሊኑክስም ይሠራዋል። ሁላችሁም በምታውቁት ዊንዶውስ ላይም «አትሪብ» በምትባል አንዲት ትእዛዝ የተደበቁትን መልሶ ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ፍላሹን ያዳነው የሲስተሙ ስም አይደለም። ያዳነው ፋይል ማለት ምን እንደሆነ፣ ፍላሽ ሲሰካ ውስጥ ለውስጥ ምን እንደሚካሄድ ቁጭ ብሎ ማንበቡ ነው። ቀላሉ ሲስተም ይህን እንድማር አላስገደደኝም፤ የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ብቻ ነበር የሚፈልግብኝ። ከባዱ ግን ሳይገባኝ አንድ እርምጃ አላራመደኝም።

ደግሞ ለ27 ዓመት ክፍል ውስጥ መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ድንገት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አንቀጽ አራት ጊዜ አንብቦ አለመረዳት ምን እንደሚመስል፣ በአምስተኛው ሲበራልህ ደግሞ ደረትህ ውስጥ ምን እንደሚሰማህ እንደ አዲስ አየሁት። አሁን ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ዝም ብሎ ሲያየኝ፣ ያቺን አምስተኛ ንባብ እየጠበቀች እንደሆነች አስባለሁ፤ ትንሽ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

«እኛስ እንጫን ወይ?» ለምትሉኝ፦ ሁላችሁም አትጫኑ። ሥራችሁ በአንድ የተወሰነ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ያላችሁ ማሽን አንድ ብቻ ሆኖ ነገ ጠዋት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለቤተሰብ ኮምፒውተር ሚንት ወይም ኡቡንቱ ይበቃል፤ ያም ትልቅ እርምጃ ነው። ይሄን ለመሞከር የቆረጠ ካለ ግን መጀመሪያ ፋይሉን ሁለት ቦታ ይገልብጥ። ሥራ የማይጠብቀው አሮጌ ላፕቶፕ ይፈልግ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዘጋጅ። ሰው ከመጠየቁ በፊት ማሽኑን «ማን?» ብሎ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ራሱን ከትናንቱ ጋር እንጂ ከባለሙያ ጋር አያወዳድር።

በመጨረሻ አንድ ዜና። ትምህርት ቤታችን አቧራ የጠጡ 12 አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጃለሁ፤ ያ የድሮ ተማሪዬም ለክረምት መጥቶ ሊያግዘኝ ቃል ገብቷል። 11ዱ ላይ ቀላሉን ሊኑክስ እንጭናለን፤ ልጆቹ ወዲያው ይጻፉበት፣ ይሥሩበት። 12ኛው ላይ ግን ከባዱን እንጭንና ጥግ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከጎኑ አንድ ደብተር። በዓመት አንድ ልጅ እንኳ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ለእኔ በቂ ነው።

ቤታችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ኪቦርድ፣ ማውስ ወይም የፓወር ገመድ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በተለይ የፓወር ገመድ ጎድሎናል። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ እዚሁ ከታች አስቀምጡልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አብረን እናነባለን።

ቸር ይግጠመን።