ስትጨርስ ምን ትባላለህ?

ለገጣፎ፣ እኛ ሰፈር፣ ጥያቄ የሚያበዙት የአብሮ አደጌ እናት ናቸው። ልጃቸው ሰንዳፋ፣ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ፣ እጩ መኮንን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለፈቃድ መጥቶ ቡና ስንጠጣ ወደ እኔ ዞር አሉና፣

«እሱስ ሲጨርስ ኢንስፔክተር ምናምን ይባላል። አንተስ የኔ ልጅ፣ ስትጨርስ ምን ትባላለህ?» አሉኝ።

የታሪክ ተማሪ ነኝ። «የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ተመራቂ እባላለሁ» ብዬ አሳቅኋቸው፤ ቡናው ግን አልወረደልኝም። እሱን ማዕረግ፣ ደመወዝና ምድብ ይጠብቁታል፤ እኔን የሚጠብቀኝ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ወገኖቼ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ቀንቼበታለሁ።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ ይዤው መጣሁ፤ ሙዚየማችንን አይቶት አያውቅም። ገነተ ልዑል ደጃፍ ቆመን የሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ነገር አነሳሁበት። (ቅናቴ ሳይሆን አይቀርም ያናገረኝ።) በወዲያኛው የከተማዋ በር፣ ከቡራዩ አልፎ፣ በ1927 ዓ.ም. ስዊድናውያን መኮንኖች ማስተማር የጀመሩበት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት አለ። ሙሉጌታ ከመጀመሪያዎቹ እጩዎች አንዱ ነበሩ። በ1928 ጣልያን ሲገባ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ከእጩዎቹ አንዳንዶቹ ወለጋ ላይ ከጥቁር አንበሳ ጋር ተሰለፉ። ሙሉጌታ ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ፣ ቀጥሎም የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም፣ በመጨረሻም ሚኒስትር ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ማንም እናት ለልጇ የምትመኘው ነው። በታኅሣሥ 1953 ግን በክብር ዘበኛ አዛዥነት የተተኳቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው ከተረሸኑት አንዱ ሙሉጌታ ነበሩ። መንግሥቱም በመጋቢት ተሰቀሉ።

አብሮ አደጌ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ።

«ለመታዘዝ ፈርሜያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የት እንደምመደብ አላውቅም፤ እሱ ግድ የለም። የሚያዘኝ ሰው ግን ማን ይሆን? ይህን እኮ ማንም አይነግርህም።»

የምመልሰው አጣሁ። ከመጽሐፍ ያነበብኩትን በልጁ ላይ እንደ ድንጋይ የወረወርኩ መሰለኝ። ሻይ ልጋብዝህ ብለው፣ «ይመሽብኛል» አለኝ።

መኪናው ለገጣፎ ሲደርስ እኔ ወረድኩ፤ እሱ ወደ ሰንዳፋ ቀጠለ። እናቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ምን አሳየኸው?»

«ሙዚየም» አልኳቸው። ስለ ሳሎኑ አላነሳሁባቸውም።