በረዶውን ከውጭ ይዞ መግባት



በዶሃ የሐሩሩ ወራት ሲገባ ልጆቻችን ከቤት አይወጡም። የአገሩ ሕግ እንኳ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ደጅ በፀሐይ ላይ መሥራትን ይከለክላል። ልጆቹም መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በስክሪን ላይ ከሌላ እሳት ጋር ይዋጋሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ እሳት ነው።

በአንድ ዓርብ፣ በመሳይሚር በሚገኘው በመቁጠሪያ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «አባ፣ እባክዎ ይምከሩልኝ፤ በጨዋታ ላይ ሰው ተሳድቦ ተባረረ» አለችኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ስለ ስድቡ ብጠይቀው እንደማይመልስልኝ ስለገመትሁ ስለ ጨዋታው ጠየቅሁት።

«ከጠላቶችህ ሁሉ የሚያስቸግርህ ማን ነው?»

«ብሌዝ ነው፣ አባ።»

ጨዋታው ማይንክራፍት ነው። ብሌዝ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ኔዘር በተባለው የእሳት ዓለም፣ በምሽጎች ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ነው። ራሱ ቢጫ ነው፤ እግር የለውም፤ ጢስና የሚሽከረከሩ ዘንጎች ከብበውት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ሦስት የእሳት ኳሶችን አከታትሎ ይወረውርና ጥቂት ያርፋል። ልጁ ቀና ብሎ እጆቹን እያወናጨፈ አስረዳኝ፦ በእሳት ቢመቱት ምንም አይሆንም፤ በቀለጠ ዐለት ውስጥ ቢቆምም አይጎዳም። በሰይፍ ለመምታት መቅረብ ያስፈልጋል፤ የቀረበም ይቃጠላል። ነገር ግን የበረዶ ኳስ አለ። ሌላውን ጠላት ገፋ ከማድረግ በቀር የማይጎዳ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነገር ነው። ብሌዝን ግን ሰባት የበረዶ ኳሶች ይገድሉታል።

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገሩን ነገረኝ። በጨዋታው ውስጥ እርሱን የሚወክለውን ሰው በራሱ መልክ፣ ጠይም አድርጎ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሸሚዝ አልብሶ ሠርቶት ነበር። አንድ የማያውቀው ተጫዋች «ከሰል» ብሎ ጠራው። እርሱም ለእኔ ሊደግመው ያፈረውን ስድብ መለሰለት። እርሱ ተባረረ፤ ያኛው ቀረ።

«ከሰል» የምትለው ቃል ከዓመታት በፊት ያነበብሁትን አስታወሰችኝ። በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ካቶሊካዊው ጆን ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው አንድ የቋንቋ ጥናት አለ። ጥናቱ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ኢትዮጵያውያን ይጠሩበት ስለነበረው «ሲገልዋራ» ስለተባለ ቃል ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ፀሐይ ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ቶልኪን ከከሰልና ከፍም ጋር አዛመደው። በእርሱ ግምት ቃሉ ለእኛ ከመሰጠቱ አስቀድሞ፣ ዓይናቸው እንደ ፍም የሚንቀለቀል፣ ፊታቸው ጥላሸት የመሰለ የተረት የእሳት ፍጡራንን ያመለክት ነበር። ግምቱ እውነት ከሆነ፣ መልካችንን ሳያዩ የእሳት ጭራቅ ስም አለበሱን ማለት ነው። የቶልኪንን ሥራዎች የመረመረው ምሁር ቶም ሺፒ፣ ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 መታተም በጀመረው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ያለውን ባልሮግ የተባለ የእሳትና የጥላ ጋኔን ለመፍጠር እንደረዳ ጽፏል። ባልሮግም እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ወደተባለው ጨዋታ ገባ።

ይህን ሁሉ ለልጁ በአጭሩ ነገርሁት። «ልጄ፣ ያላዩትን ፊት ጭራቅ አድርጎ መሳል የቆየ ልማድ ነው። ያ ተጫዋች አንተን አላየህም» አልሁት።

«ታዲያ ዝም ልበል?» አለኝ።

ጥያቄው ልቤን ነካው፤ እኔም በእሳት ላይ እሳት ወርውሬ አውቃለሁና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን የአራት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት እያለቀሰች ነገረችኝ። ወዲያው ስልክ አንሥቼ በአሠሪዋ ላይ ጮኽሁ። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር። በማግሥቱ ግን ስልኳን ተቀማች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅዋን አልሰማንም። የቁጣዬን ዋጋ የከፈለችው እርሷ ነበረች። በኋላ ዐረብኛ ከሚያውቅ አንድ ምእመን ጋር ሆነን የሥራ ውሏን ቅጂና ያልተከፈለባቸውን ወራት ዝርዝር አዘጋጀን፤ የሥራ ክርክር ወደሚያየው ኮሚቴም አብረናት ሄድን። ድምፃችንን ከፍ አላደረግንም። ሁሉን ባታገኝም የሦስት ወሩን ተቀብላ ወደ አገሯ ገባች።

ስለዚህ ልጁን «ዝም አትበል» አልሁት። «የጻፈብህን በፎቶ አስቀርተህ ጨዋታውን ለሚቆጣጠሩት አሳይ፤ ለእናትህም ንገራት። የበረዶ ኳስህ ይህ ነው።»

ጥቂት አሰበና አረመኝ። «ግን አባ፣ ኔዘር ውስጥ እኮ በረዶ የለም። ውሃ ቢያፈሱ እንኳ ወዲያው ይተናል። በረዶውን ከመግባትዎ በፊት ከውጭ ሰብስበው መያዝ አለብዎት።»

ለዚህ የምጨምረው አልነበረኝም። ያን ስልክ ባነሣሁበት ቀን ባዶ እጄን እንደነበርሁ ያወቅሁት ከዚህ ልጅ ነው። ከቁጣው ወላፈን መካከል ቆሜ ትዕግሥትን ልፈልግ ብል ከየት አገኘዋለሁ?

ውድ አንባቢያን፣ ነገ ጠዋት የምትገቡበትን ቤት፣ ቢሮና የሥራ ቦታ ታውቁታላችሁ፤ እሳቱ ከየት በኩል እንደሚወረወርባችሁም ታውቃላችሁ። የውላችሁን ቅጂ ዛሬ አዘጋጁ። የተከፈላችሁንና ያልተከፈላችሁን በቀን በቀኑ ጻፉ። የምታማክሩትን ሰው ስልክ ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊትም ለአፍታ በጸሎት ጸጥ በሉ። እኔም አሁን ስልክ ሳላነሣ በፊት እንዲሁ ለማድረግ እየተማርሁ ነው።

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።