የላስታ ዶሮና የእናቶች ሙያ

ላሊበላ ሲባል በሁላችንም ዓይነ ኅሊና ፈጥነው የሚደቀኑት ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገቡት ስለ እነዚህ ሕንፃዎች ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ በዚያው ከተማ በየጓሮው ስለምትጭረው የሐበሻ ዶሮና እርሷን እያረቡ ቤታቸውን ስለሚደግፉት እናቶች እናወሳችኋለን።

ከወልድያ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ ብታመሩ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ትታጠፋላችሁ። ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገትና ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ላሊበላ ትደርሳላችሁ። ከበላይዋ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታያችኋል። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ወደ ገበያው ውረዱ። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ማሩና ጨው ከሚሸጥበት አለፍ ስትሉ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ይጠብቋችኋል።

እዚህ ገበያ ውስጥ ዶሮ ዝም ብሎ «ዶሮ» አይባልም። ቀዩ፣ ነጩና ጥቁሩ ለየብቻው ይጠራል፤ እንደ ገብስ ዥንጉርጉር የሆነው ገብስማ፣ እንደ ዝግራ ነጠብጣብ ያለበት ዝግርማ፣ ልዩ ልዩ ቀለም የተቀላቀለበት ደግሞ ወሰራ ይባላል። በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ይታያል፤ ድርብ የሆነው ከነጠላው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። በተለይ ለገናና ለፋሲካ ቀይ ድርብ አውራ ዶሮ የያዘች እናት ገዢ ቆሞ አይጠብቃትም፤ ሮጦ ይመጣላታል። ቀለሙ ለገበያ ይጠቅማል እንጂ ስለ እንቁላሏ ብዛት እንደማይመሰክር ግን ልብ በሉ።

የዶሮ ገንዘብ በገጠሩ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የእናት ገንዘብ ነው። በሬና በግ የሚሸጠው በባልና ሚስት ምክር ሲሆን፣ እንቁላሉ ግን በእናት እጅ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ የጎብኚውን እግር ከላሊበላ ሲያስቀር፣ በእንግዳ የሚተዳደረው ሕዝብ ገቢው ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ በጓሮ ያለች አንዲት ታቃፊ ዶሮ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለእናቶች መንገር አያስፈልግም።

ዶሮ ከአገራችን ጋር ያላት ዝምድና ረጅም ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ ሥፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። በዚህ ሁሉ ዘመን የደጋውን ብርድና የምግብ እጥረት ችላ የኖረችው ዘር ናት ዛሬ የሐበሻ ዶሮ የምንላት።

«የሐበሻ ዶሮ እንቁላልዋ ጥቂት ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ በዓመት ከ30 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ እንቁላሉም ትንሽ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንመርምረው። ከ12 እስከ 15 እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ትቀመጣለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ሁለት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዛ ትዞራለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ እንቁላል አትጥልም። የፈረንጅ ዶሮ ብዙ የምትጥለው መታቀፍን ስለተወች ነው፤ ስለዚህ ባለቤቷ ጫጩት በፈለገች ቁጥር ከማስፈልፈያ መግዛት አለባት። የሐበሻዋ ዶሮ ግን ማስፈልፈያውም ሞግዚቷም ራሷ ናት።

በከተማ ግቢ ላላችሁና ለመጀመር ለምታስቡ እናቶች፣ ከባላገር እናቶች ልምድና ከእንስሳት እርባታ ትምህርት የተውጣጣውን ምክር እነሆ።

በመጀመሪያ በኪራይ ቤት ያላችሁ ባለቤቱን፣ በጋራ ግቢ ያላችሁ ጎረቤትን አማክሩ። ከዚያ አራት ወይም አምስት ቄብና አንድ አውራ ዶሮ ይበቃል። አውራው ከቄቦቹ ጋር ከአንድ እናት ያልተወለደ ይሁን። አዲስ የመጣችውን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆይታችሁ ጤናዋን ተመልከቱ። የላስታ ሰው በጥንታዊው ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት ከብቱን በምድር ቤት፣ ራሱን በላይ የሚያኖረው ሌሊቱ ብርድ፣ አውሬውም ብዙ ስለሆነ ነው። እናንተም ሸለምጥማጥ የማይገባበት፣ ነፋስ የማይመታው፣ ቆጥ ያለው ደረቅ ቤት አዘጋጁ። ለገላዋ መታጠቢያ የሚሆን ደረቅ አመድና አፈር በአንድ ጥግ አድርጉላት፤ ቅማልን ይቀንስላታል።

ለማስታቀፍ ከሳምንት ያልበለጠው፣ ያልተሰነጠቀና መካከለኛ መጠን ያለው እንቁላል ይመረጥ። አትጠቡት፤ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ለአንዲት ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል። ጭድ በተነጠፈበት ሸክላ ወይም ቅርጫት፣ ጨለም ባለና ሰው በማይመላለስበት ቦታ አስቀምጧት። በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ብታዩት ሕይወት ያለው የደም ሥር ያሳያል፤ ባዶው ይለያል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ጠጠር ጣል አድርጋችሁ ውኃ ስጧቸው፤ አለበለዚያ ይሰምጣሉ። ጤፍ፣ የደቀቀ እህልና የእንጀራ ፍርፋሪ ይብሉ፤ ለትልልቆቹ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ጨምሩላቸው። ጫጩት በብዛት የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስለሆነ ከጭልፊትና ከብርድ የምትጠብቁት ያን ጊዜ ነው።

ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው። አንገት ያዞራል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያመጣል፤ የመንደሩን ዶሮ በአንድ ሳምንት ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚያዘጋጀው፣ ሙቀትን የሚችለውና በዓይን የሚንጠባጠበው ክትባት በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይሰጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች ስለሚሆን ጎረቤት ተሰባስቦ ቢያስከትብ ወጪው ይቀላል። የታመመውን ቶሎ ብሎ ገበያ ማውጣት ግን በሽታውን ለሌላዋ እናት መሸጥ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንንገራችሁ። በዓል ሲደርስ የምንሸጠው ወይም የምናርደው የትኛውን ነው? ግዙፉን፣ ቀዩን፣ ድርቡን ነው። ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ደካማው ነው። እንዲህ እየሆነ ከዓመት ዓመት ዘሩ ያንሳል። በሌላ በኩል ያለ ዕቅድ የፈረንጅ አውራ ሲቀላቀል መታቀፍ የማትወድ ቄብ ትወለዳለች፤ አርቢዋም ጫጩት ገዢ ሆና ትቀራለች። ገንዘብ የቸገራት እናት ጥሩውን አውራ አትሽጪ ብትባል ይከብዳታል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ተስማምተው አንዱን ምርጥ አውራ ለዘር በጋራ ቢያስቀሩና በየዓመቱ ቢቀያየሩት ጉዳቱ ለአንዲት ቤት አይከብድም፤ ወንድምና እኅት መዳቀልም ይቀራል።

የአገር ዘር ከራሱ ሊሻሻል እንደሚችል ማስረጃ አለ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የወለጋውን የሆሮ ዶሮ በምርጫ ብቻ እያራባ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንቁላሏን ጨምሯል። እናንተም በአንድ ደብተር የትኛዋ ስንት ጣለች፣ ስንት ፈለፈለች፣ ስንት አሳደገች ብላችሁ ጻፉ፤ በእግሯም የተለያየ ቀለም ክር እሰሩላት። ብዙ ጫጩት ያሳደገችውን እናት ልጆች ለዘር አስቀሩ።

በመጨረሻም ጊዜውን አስሉ። በሁዳዴ ጾም የዶሮና የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፤ ለመግዛት ያን ጊዜ ተጠቀሙ። አውራ ለበዓል ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ይፈልጋልና ለመጪው ገና ልትሸጡ ያሰባችሁ ሰኔ ሳይገባ ጫጩቶቻችሁ ተፈልፍለው መገኘት አለባቸው።