ለንጉሥ ተጀምሮ ለእመቤታችን የተሰጠ ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታን ካለፈ በኋላ፥ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ አዲስ ዓለም የምትባለውን ትንሽ ከተማ ያገኛል። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል እንጂ ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አይመለከትም። የሚመለከትም ቢኖር «ይህችማ ዋና ከተማ ልትሆን ነበር፥ ቀረባት» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እኔ በዚህ ቃል አልስማማምና ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ ላውጋ።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቈረቈረችው ወደ አዲስ አበባ መውረዳቸው የታወቀ ነው። መኳንንትና ሠራዊት የሰፈረበት ከተማ እንጨት ይበላል፤ ለቤቱም ለምድጃውም። ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ የአዲስ አበባ ዙሪያ ዱር ተመናምኖ ማገዶ ከሩቅ የሚጫን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ደን ወዳለበት ወደ ምዕራብ ተመልክተው በ1893 ዓ.ም. አካባቢ በዚህ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ፤ ስፍራውንም አዲስ ዓለም አሉት። ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ደግሞ አሠሩ። ያ መንገድ በአገራችን በአዲስ ዘዴ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ዳሩ ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ማደጉ ታየ። መኳንንቱም፥ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ስለ ነበር፥ ያን ጥሎ መሄድ ከበዳቸው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አሳቡ ተለወጠ። መንግሥት በአዲስ አበባ ጸና፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤት ለእመቤታችን ለጽዮን ማርያም ተሰጠ።

ይህን ስነግራቸው ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ፥ «የኔታ፥ ንጉሡ የማይኖሩበትን ቤት ቢሰጡ መባ ይባላልን? አቤል ያቀረበው ከበጎቹ በኵር አይደለምን? ድኻይቱስ የሰጠችው ከጕድለቷ አይደለምን?» አለኝ። አልተቈጣሁትም፤ ጥያቄው የሚገባ ነውና።

«የሰጡት ቤቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገርህ በረታ ነበር» አልሁት። «ነገር ግን የደብሩን አለቃ ንቡረ እድ አሰኙት። ይህ ስም የአክሱም ጽዮን አለቃ ስም ነው፤ ትርጓሜውም እጅ የተጫነበት፥ የተሾመ ማለት ነው። ቤትን ለቅቆ የሚሄድ ሁሉ ሊሰጠው ይችላል። የትናንት መንደር የነበረችውን ከአክሱም ጋር በማዕርግ ማስተካከል ግን ከተረፈ ንብረት የሚወጣ ስጦታ አይደለም።»

ተማሪው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተረታም። «ማዕርግስ ቢሆን ለሰጪው ምን ያጐድልበታል?» አለና ዝም አለ። እንዲህ ያለ ተማሪ ቅኔ ይወጣለታል።

ለቅኔ ሰው የሁለቱ ከተሞች ስም ራሱ መንገድ የሚከፍት ነው። አበባ ረጋፊ ነው፤ ዓለም ግን ሰፊ ነው። ረጋፊዪቱ አበባ ጸንታ የመናገሻ ከተማ ስትሆን፥ ሰፊው ዓለም በኮረብታ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ደብር ሆነ። የከተማይቱን ነገር የቈረጠውም ስሙ ባሕር የሆነ እንጨት ነው! ከዚህ ሰምና ወርቅ ማውጣት ያቃተው ተማሪ ጥቂት ዓመት ይጨምር።

የታሪክ ጸሐፊዎች የአዲስ ዓለምን ነገር ንጉሡ አሳባቸውን እስከ ለወጡበት ቀን ድረስ ይጽፉና ብዕራቸውን ያነሣሉ። ለእኔ ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ንጉሡ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ማኅሌቱና ሰዓታቱ ግን ቀጠለ። ድንጋይ የተሸከሙትን፥ መጀመሪያ የቀደሱትን፥ ከመሪጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ዜማውን ያቀበሉትን ማን ጻፋቸው? ግብር ሊበላበት በታሰበው ስፍራ ሥጋውና ደሙ ሲፈተት ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። «ቀረባት» የሚለው መንገደኛ በኅዳር 21 ቀን ቢመጣ፥ አክሱም ላይ ጽዮን በምትነግሥበት ዕለት እዚህም ታቦቷ ወጥታ፥ ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው፥ ገበሬውም ነጠላውን አጣፍቶ ኮረብታውን ሲዞር ያያል።