ስለ ቍጥር ትምህርት

ቍጥር በሰው ስምምነት የተሠራ ነውን? ወይስ ሰው ሳያስበው አስቀድሞ የነበረ ነው? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መምህሩ በልቡ የያዘው መልስ በደቀ መዝሙሩ ላይ ይታያልና እኛንም ይነካናል።

በዋግ አገር ልጅ በቤቱ በኽምጣንጋ፣ በሰቆጣ ገበያ በአማርኛ፣ በቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ይቈጥራል። ስሙ ሦስት ነው፤ ቍጥሩ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ስም የሰው ሥራ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ባሕረ ሐሳብን ሳስተምር ከዚሁ እነሣለሁ። 2017 ዓመተ ምሕረትን ብንወስድ፣ 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱን ትተን ወንበሩ 11 ነው። ይህ በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፤ በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት ስለ ምን ነው ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ድሜጥሮስ እንዲህ ስለ ሠራው» ብሎ ይመልሳል።

በዚህ መልስ አልስማማም። ለስሌቱ ወሩን 30 ማለት የሊቃውንት ሥርዓት ነው፤ ጨረቃማ 30 ቀን ሙሉ አትጠብቅም። 11 ደግሞ 365 ከ354 የሚበልጥበት ነው። 11 እና 19 ተደምረው 30 መሆናቸውን ግን ማንም አላዘዘም፤ አባታችን ድሜጥሮስም ሊለውጠው ባልቻለም ነበር። ወንበሩ ማንኛውም ቍጥር ቢሆን በ11ና በ19 ተባዝቶ ሲደመር በ30 እንደ ተባዛ ነውና፣ ሁለቱ ትራፊዎች ሞልተው 30 ይሆናሉ። ሥርዓት የሆነውን መምህሩ ይንገር፤ ሥርዓት ያልሆነውን ግን ልጁ ራሱ ይፈልገው። በቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ያፍራል፤ በቍጥር ጊዜ የመምህሩን ቃል እንዳለ የሚመልሰው የሚመሰገነው ስለ ምንድር ነው?

አፍላጦን ሜኖን በተባለው መጽሐፉ፣ ሶቅራጥስ ያልተማረ አገልጋይ ልጅን እየጠየቀ የአንድን አራት ማዕዘን ስፋት እጥፍ እንዴት እንደሚያደርግ ራሱ እንዲያገኘው ማድረጉን ይተርካል። ነፍስ ከሥጋ በፊት ነበረች ማለቱን አልቀበለውም፤ አጠያየቁን ግን እወድለታለሁ።

ጦርነቱ በ2013 ዓመተ ምሕረት ክረምት ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜ ከተሰደዱት ደቀ መዛሙርት አንዱ መጽሐፉ ቀርቶበት ነበር። በተጠለለበት መንደር የ2014ን ጾመ ነነዌ ጠየቁት። አበቅቴውን 28 አገኘ፤ የመጥቅዑ ሥርዓት ግን ጠፋበት። ጠጠር ሰብስቦ ጥቂት አሰበና 28ን ከ30 ቀንሶ 2 አለ፤ ከዚያም ነነዌን የካቲት 7 አውጥቶ ነገራቸው። በተመለሰ ጊዜ ይህን ሲያጫውተኝ፣ «የኔታ፣ ወሩ 29 ተብሎ ቢሆን ኖሮስ?» አለኝ። ሂድና ሞክረው አልሁት። በማግሥቱ ከቅኔው አስቀድሞ 11 እና 18ን ይዞ መጣ።