ማሳፈር ማስተማር አይደለም



ዛሬ የምናካፍላችሁ ለአንድ የሕክምና ተማሪ የሰጠነውን የተሳሳተ ምክርና ጌታ በዚያ በኩል ያስተማረንን ነገር ነው። ታሪኩን የምንጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው፤ ስሙንና የሚማርበትን ቦታ ግን አንጠቅስም።

በአጥቢያችን ከሚያመልኩት ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። እሑድ ጠዋት ከአዳር ተረኝነት በቀጥታ የሚመጡ አሉ። ስብከቱ መሐል ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው እናያለን፤ እኛ አገልጋዮቹም አንቀሰቅሳቸውም። ከእነዚህ አንዱ ከሩቅ ገጠር የመጣ ወንድም ነው። ከቀበሌው ለሕክምና ትምህርት የበቃ የመጀመሪያው ልጅ ነው። አንደኛ ደረጃን የተማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ አማርኛን ያቀናው ከተማ ከገባ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ያነባል፣ ይጽፋል፣ በፈተናም ጥሩ ያመጣል። ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ግን ቃሉ ይያዝበታል።

አንድ ቀን ማምሻውን ወደ ምክር አገልግሎት ክፍላችን መጣ። ብዙ ከተቀመጠ በኋላ ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ ነገረን። ጠዋት ራውንድ ነበር። ራውንድ ማለት መምህሩ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረ በሽተኞችን የሚያይበትና የሚያስተምርበት ሰዓት ነው። ተማሪው የበሽተኛውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ያቀርባል፤ መምህሩ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ቆመው ይሰማሉ።

የእርሱ ተረኛ በሽተኛ አንዲት የልብ ሕመምተኛ እናት ነበረች። ቀድሞ ታክማ ተሽሏት ወደ ቤቷ ገብታ ነበር፤ አሁን እግሯ እንደገና አብጦ፣ ትንፋሿ አጥሮ ተመልሳለች። በዋዜማው ማታ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ቋንቋዋን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። እርሷም የአገሯን ልጅ በማግኘቷ ደስ ብሏት ለሌላ ሰው ያልተናገረችውን ነገረችው። ውሃውን በሽንት የሚያወጣላትን መድኃኒት ትታዋለች። መጸዳጃ ቤቱ ከቤቷ ይርቃል፤ ሌሊት ሌሊት መነሣቱ አድክሟታል፤ የቤቱን ሰው ሁሉ መቀስቀሱም አሳፍሯታል። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር አቆመችው።

ጠዋት መምህሩ ጠየቁት፤ ሕመሟ ለምን ተመለሰባት? መልሱ በእጁ ነበር። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ተያዘበት፤ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ተያዘበት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። መምህሩም “አንተን ደግሞ ማን ነው ሕክምና ያስገባህ? መጀመሪያ ቋንቋ ተማር” አሉትና ወደ ቀጣዩ ተማሪ ዞሩ። ቀጣዩ ከመጽሐፉ ያነበባቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ዘረዘረ፤ ተመሰገነም። እናቲቱን የጠየቀ አልነበረም። የተባለው ቃል ባይገባትም የልጁ መሸማቀቅ ግን ገባት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እርሱም ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ የመድኃኒቷ መጠን እንዲጨመር መታሰቡን ሲሰማ ግን ሕሊናው እረፍት ነሣው፤ ፈራ ተባ እያለ ለአንዲት ኢንተርን ነገራት። እርሷም ተቀምጣ ሰማችው፤ እናቲቱን በእርሱ አስተርጓሚነት ጠየቀቻት፤ በካርዱ ላይ ጻፈችው። ሐኪሞቹ የመድኃኒቱን መጠን ከመጨመር ይልቅ መድኃኒቱን የምትወስድበትን ሰዓት ወደ ጠዋት አዛወሩላት።

ይህን ሁሉ ነግሮን ሲያበቃ ምን ብለን እንደመከርነው እናስታውሳለን። “ወንድማችን ጽና። ጌታ በዚህ ትሕትናን እያስተማረህ ነው። ተዋርዶ የማያውቅ አይከብርም” አልነው። ጸለይንለት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ወጣ። እኛም ጥሩ የመከርን መስሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሦስት እሑድ ጠፋ። የማደሪያ ክፍል ጓደኛው ሻንጣውን እንዳዘጋጀ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ እንደሆነ ሲነግረን ሁለታችን ተነሥተን ሄድን። አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አልተቆጣንም፣ አልተቆጣም። የተናገረው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልንም፦ “እዚያ ያዋረዱኝ ሰው ናቸው። እናንተ ግን ማዋረዱ ከእግዚአብሔር ነው አላችሁኝ። ታዲያ ወዴት ልሂድ?”

መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅነው። ያን ማታ የበደልነው እርሱን ብቻ እንዳልነበረ፣ የጌታችንን ስም ባልሠራው ሥራ ላይ እንደ ለጠፍንበት ተረዳን። ትሕትና ሰው በጌታ ፊት በፈቃዱ ዝቅ የሚልበት ጸጋ ነው። ውርደት ግን ሰው በሰው ላይ የሚጭነው ሸክም ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን ሰበክን።

በጉባኤያችን ብዙ ዘመን ሕክምና ያስተማሩ አንድ አባት አሉ። ነገሩን ስናማክራቸው መጀመሪያ ለመምህሩ ተከራከሩ። “የሐኪም ስሕተት ሰው ይገድላል። ተማሪ መጠየቅ አለበት፣ መታረምም አለበት። እኛም እየተቆጡን ነው የተማርነው፤ በተቆጡኝ ቀን ያጠናሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም” አሉን። ትክክል ናቸው። ለተማሪ ራርቶ ሳያርሙት ማለፍ ነገ በእጁ የሚወድቀውን በሽተኛ መበደል ነው። ጥቂት ዝም አሉና ደግሞ ቀጠሉ፦ “ግን የማላውቀውን መደበቅም የለመድሁት ያን ጊዜ ነው። ‘አላውቅም’ ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።”

ወገኖች፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የተሸማቀቀ ተማሪ መማር ብቻ ሳይሆን መናገርም ያቆማል። በዚያ ራውንድ ላይ ዋጋ የከፈለው ተማሪው ብቻ አልነበረም፤ አልጋው ላይ የተኛችውም እናት ነበረች። ለሕይወቷ የሚያስፈልገው እውነት በአንድ ልጅ አፍ ውስጥ ነበር፤ ያ አፍ ተዘጋ።

በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። የሕክምና ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለብዙ ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ግን በየክልሉ ብዙ ተከፍተዋል፤ አባታቸው አራሽ፣ እናታቸው ጉሊት ነጋዴ የሆኑ ልጆችም ነጭ ጋውን ለብሰዋል። ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን በር መከፈቱ አንድ ነገር ነው፤ ከገቡ በኋላ “ኖር፣ ተቀመጥ” መባል ሌላ ነገር ነው። ያን የገጠር ልጅ እንግሊዝኛው ቢያንገዳግደውም፣ ማንም መምህር ሊሰማው የማይችለውን የበሽተኛ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ይዞ ነው የመጣው። እርሱን መቀበል ለእርሱ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም።

በምድራችን ይህን በሥራ ያሳዩ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመጀመር ነበር። በምጥ ብዛት ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ከሰው የተለዩትን ሴቶች ሲያዩ ግን ልባቸው ተነካ፤ በ1974 ለእነርሱ ብቻ የሚሆን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። ገና በልጅነቷ ተድራ፣ ለቀናት አምጣ ልጇንም ጤናዋንም ያጣች፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ የገጠር ልጅ ነበረች። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ተማረች። ሐኪሞቹም እጇ የተባረከ መሆኑን አይተው ደረጃ በደረጃ አስተማሯት። ማሚቱ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የምታደርግ፣ የተማሩ ሐኪሞችንም የምታሠለጥን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን ያለው የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለፊስቱላ ሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪሞች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ እርሷም ከተሸላሚዎቹ አንዷ ነበረች።

እስቲ አስቡት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው “ፊደል ያልቆጠርሽ፣ ማን ነው እዚህ ያስገባሽ?” ብሏት ቢሆን ኖሮ በእጇ የተፈወሱት ሴቶች ምን ይሆኑ ነበር? ሐምሊኖች ለሥራው ጥራት አልራሩም፤ ቀዶ ሕክምና በይሁንታ አይሠራም። ያደረጉት ነገር ከአልጋው ዳር እንድትቀርብ መፍቀድ፣ እጇን ይዘው ማሳየት፣ ደግመውም ማሳየት ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን ተቀብሎ አስተምሮ ወደ ገጠር የሚመልስ ሆነ።

ቅዱስ ቃሉንም ስንመረምር ይህንኑ እናገኛለን። በሐዋርያት ሥራ 18 ላይ አጵሎስ ይታያል፤ አንደበቱ የተዋጣለት፣ መጻሕፍትን የሚያውቅ፣ እውቀቱ ግን ያልተሟላ ሰባኪ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ጉድለቱን በምኩራብ ሰሙ፤ በምኩራብ ግን አላረሙትም። ወደ ራሳቸው ወሰዱት፤ የጌታንም መንገድ ከፊት ይልቅ አጥርተው ገለጡለት። ወንድሞችም በኋላ ደብዳቤ ጽፈው ወደ አካይያ ላኩት፤ በዚያም ላመኑት እጅግ ጠቀማቸው። እርማቱ በጓዳ ነበር፤ ምስክርነቱ ግን በአደባባይ ነበር። እኛ ስንቱን ጊዜ ገልብጠነዋል! ሰውን በአደባባይ አርመን፣ የምስጋና ቃል ካለንም በጓዳ እንናገራለን።

ጌታችን ራሱ የካደውን ጴጥሮስን በባሕሩ ዳር ሲያገኘው፣ የሚያም ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል። ከጥያቄው በፊት ግን እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ቁርስ አብልቶታል (ዮሐንስ 21)። ጥያቄው አልቀረለትም፤ የተጠየቀው ግን ከማዕዱ ሳይባረር ነው። ጥያቄውም ሲያልቅ በጎች ተሰጡት።

ይህን ስንማር ዓይናችን ወደ ራሳችን ቤት ዞረ። ማታ ማታ በምንሰጠው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ላይ አንዲት እናት ተራዋ ደርሶ ስታነብ ፊደል ተምታቶባት ሰው ሳቀ፤ እኛም ፈገግ ብለን አለፍን። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን አላወጣችም። ሆስፒታሉን ልንወቅስ የጀመርነው እኛ ያንኑ ኃጢአት በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስንሠራ ኖረናል። ወደ ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። አሁን ቀስ እያለች ታነባለች፤ እኛም እንጠብቃታለን።

ለተማሪዎቹም ትንሽ ነገር ጀመርን። ቅዳሜ ማታ አንዱን ክፍል ከፍተን ቡና እናፈላለን፤ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች እየመጡ ታናናሾቻቸው ኬዝ ሲያቀርቡ ይሰማሉ። የተሳሳተ ይታረማል፤ የሚሳቅበት ግን የለም። ያ አባታችንም ይመጣሉ። ሲጀምሩ ሁልጊዜ እርሳቸው ራሳቸው የተሳሳቱበትን አንድ በሽተኛ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ “አላውቅም” ማለትን አይፈሩም።

ወንድማችን ሻንጣውን ፈታ። መንገዱ ግን ቀላል አልሆነለትም፤ አንድ ፈተና ወድቆ ደግሟል፣ እንግሊዝኛውም ዛሬ ድረስ አልፎ አልፎ ይይዘዋል። አሁን ኢንተርን ነው። ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ተማሪ አልጋው አጠገብ ቆማ ቃል ሲጠፋት አይቶ፣ “ቀስ በዪ፤ በሽተኛዋ ምን አለችሽ? በአማርኛ ንገሪኝ፣ ከዚያ እንተረጉመዋለን” እንዳላት ራሷ ነገረችን።

ከእናንተ መካከል መምህር፣ ሲኒየር ሐኪም፣ አለቃ፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ፣ ወላጅ የሆናችሁ፣ በዚህ ሳምንት በሰው ፊት ያሳፈራችሁት ሰው ካለ ሂዱና ፈልጉት። እኛ ስንሄድ ከባድ ነበር፤ በመሄዳችን ግን አልተቆጨንም።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁም አንድ ነገር እንበል። በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ቦታ፣ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን ተዋርዳችሁ “እግዚአብሔርም እንደዚህ ነው” ብላችሁ ርቃችሁ ይሆናል። እኛም አንዱን ወጣት እንዲያ እንዲያስብ አድርገነዋል። እርሱ ግን እንደዚያ አይደለም። ጉድለታችሁን ያውቃል፣ ያርማችሁማል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ወደ ማዕዱ ይጠራችኋል።

ጌታ ሆይ፣ ሰውን አሳፍረን አስተማርን ያልንበትን ይቅር በለን። የተዘጉትን አፎች ክፈት፤ የምንሰማበትን ጆሮም ስጠን። አሜን።