አታንሱት!

ጎንደር ውስጥ ትግል የሚለማመድ ወጣት በጭንቅላቱ ሲወድቅ ጓደኞቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ብብቱን ይዘው ብድግ! «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ?» እሱም እጁ እየደነዘዘው ይስቃል።

የአንገት ጉዳት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በአወዳደቁ የተጎዳው አጥንቱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰር የሚጎዳው ግን አንዳንዴ የአንሺዎቹ ደግነት ነው።

የቀድሞው የዩኤፍሲ ሻምፒዮን አልጀሜይን ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ2021 አንገቱ ላይ ሰው ሠራሽ ዲስክ ተገጥሞለት በዓመቱ ቀበቶውን አስጠብቋል። የእሱ ዲስክ ነበር። ሕብለ ሰረሰር ሲጎዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ተጎድቶ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ድረስ ተልኮ ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፉት እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ለአበበ ያልተገኘ መድኃኒት ለሰፈር ታጋይ ከየት ይመጣል? ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደባርቅ ወዲያ ካለው ደጋ ደግሞ መኪና መንገድ በቃሬዛ የሚደርስ ሕመምተኛ አለ።

ስለዚህ ሕክምናው ከሜዳው ይጀምር። አንገቱን ያመመውን፣ እጅ እግሩ የደነዘዘውን አታንሱት። ጭንቅላቱን ባለበት ደግፋችሁ ያዙ፤ ቃሬዛው እሱ ወዳለበት ይምጣ። አሠልጣኞችም «ደነዘዘኝ» ያለውን ልጅ ፈሪ አትበሉት። ያንን ቃል በጊዜ መናገሩ ነው ጀግንነቱ።